ምሥጋና ተኝታለች

ሶሬቲ እየሠራች ዝም ማለት አይሆንላትም ነበር። መገናኛ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሙሽሮችን ታስውባለች። ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ሙሽራ ማንም ትሁን፣ ብሩሹ ጉንጯን ሳይነካ ሶሬቲ የባሏን ማንኮራፋት፣ አማቷ በግ ሲገዙ ነጋዴውን እንዴት እንደሚያስለቅሱት፣ ሰንዳፋ ሳለች ከአህያ ላይ የወደቀችበትን ቀን አውርታ ጨርሳለች። በጭንቀት ደርቃ የገባችው ሙሽራ እየሳቀች ትወጣለች። ይህን ያየች እናት ለሌላ እናት ትናገራለች፤ ሥራው የሰፋው እንዲህ ነው። ከሶሬቲ የተሻለ እጅ ያላቸው እዚያው ሕንፃ ላይ ነበሩ። እሷም ታውቃለች። «ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ለቅንድቡ አይደለም፤ ለጨዋታው ነው» ትላለች።

ሥራውን ልትጀምር ስትል ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተሰጠ ሥልጠና ገብታ ነበር። አሠልጣኙ «ደንበኛ የሚገዛው ሥራችሁን ብቻ አይደለም፤ እናንተን ነው። ራሳችሁን አትደብቁ» ሲል ሌላው ሰው ሰምቶ ወጣ፤ ሶሬቲ ግን ኖረችበት። ቲክቶክ ላይ የከፈተችው ገጽ በራሷ ስም ነበር። እዚያ ላይ ሙሽሮቿ ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ካራ ያለው የኪራይ ቤታቸው፣ ግቢው ውስጥ ያበቀለችው ጎመን፣ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን እየተኮሰ የሚያንጎራጉረው ባሏ አምባዬ፣ ሁሉም አለ።

አምባዬ ኢንሹራንስ ቤት የሚሠራ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ቪዲዮ ላይ መውጣቱን ባይወደውም ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይላት ነበር።

«ሶሪ፣ ለዚህ ሱቅሽ በር ሥሪለት። ቤት ስትገቢ የሚዘጋ በር።»

«ሱቁ እኮ እኔው ነኝ» ትለዋለች።

ያረገዘችው ብዙ ከጠበቁ በኋላ ነው። አምባዬ ከእናቱ በቀር ለማንም እንዳይነገር ፈለገ። እናቱ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ደግሞ ለእሳቸውም ቢሆን ቶሎ መነገሩን አልወደዱትም። «ሆድ ውስጥ ያለ የእግዜር ነው፤ እስኪሰጥ ድረስ አይወራም» አሉ። ሶሬቲ ግን ብዙም አልቆየች። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ሙሽሮቹ በዓይናቸው እያዩት ምን ልትል ነው? አንድ ቀን አብራት የምትሠራው ፀጉር ሠሪ ሠናይት ስልኩን ይዛላት፣ የሥራ ሽርጧን ከሆዷ ላይ ገለጥ አድርጋ «አዲስ ሠራተኛ ቀጥረናል፤ ለጊዜው ውስጥ ሆኖ ነው የሚሠራው» አለች።

ከሠራቻቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ያን ያህል የታየ የለም። የማታውቃቸው ሰዎች መረቋት፣ ስም አወጡላት፣ ወንድ ነው ሴት ናት ብለው ተከራከሩ። ቀጠሮ የሚይዙ ሙሽሮች በዙ። አንዳንዶቹማ «ርጉዝ ስታስውብ ገዱ ጥሩ ነው» ብለው ነው የመጡት።

አምባዬ ቪዲዮውን ያየው መሥሪያ ቤት፣ ከባልደረባው ስልክ ላይ ነው። ቤት ሲገባ አልተቆጣም።

«የኔ ብቻ የሆነ ነገር እንዲኖረኝ ፈልጌ ነበር» አላት።

ይህ ነገር ከቁጣ ይልቅ ከብዷት ቆየ። ስለዚህ አንድ ነገር አስቀረችለት። ሐኪሙ ሴት መሆኗን በነገራቸው ቀን፣ ከክሊኒኩ ወጥተው ታክሲ ሲጠብቁ አምባዬ «ምሥጋና እንበላት» ብሎ ነበር። ያን ስም ሶሬቲ ለሠናይት እንኳ አልተናገረችም። ሰዎች ስም እያዋጡ ቢጨቀጭቋትም «ገና አልወሰንንም» እያለች አለፈች። ስሙ የአምባዬ ነበር።

ስምንተኛው ወር ላይ፣ አንዲት ሙሽራ እያስዋበች ሳለ፣ ሕፃኗ እንዳልተንቀሳቀሰች ልብ አለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልቻለችም። ሥራውን ጨረሰች። ሙሽራዋን እልል ብላ እስከ ሊፍቱ ሸኘቻት። ከዚያ ወደ ሠናይት ዞራ «ታክሲ ጥሪልኝ» አለች።

ሐኪሞቹ የልብ ምት አጡ። የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቆ ኖሮ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ሕፃኗን በቀዶ ሕክምና አወጧት። ሶሬቲ ከማደንዘዣው ስትነቃ አልጋዋ አጠገብ የነበሩት አማቷ ብቻ ነበሩ። አምባዬ ከአጎቱ ጋር ሆኖ ሕፃኗን ሊቀብር ወስዷታል። ሽማግሌዎቹ «እናትየዋ ባታያት ይሻላል፤ ካየቻት አይወጣላትም» ብለው ነበርና ሲመለስም የት እንዳኖራት አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሊያስታምሟት ካራ መጥተው ሰነበቱ። አንድ ቀን ሾርባ እያጠጧት፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወራ ሰው ሆነው «ለዓለም አሳየሽው። ዓይን ነው የበላው» አሉ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይህን ሲሉ እንባቸው እየወረደ ነበር። ሶሬቲ ሐኪሙ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ብሎ በእርጋታ ያስረዳትን ሁሉ አምና ነበር። የአማቷ ቃል ግን እምነቷን አልፎ ገብቶ ውስጧ ተቀመጠ።

ወደ ሥራ የተመለሰችው መስቀል አልፎ ሰርግ በሚበዛበት ወቅት ነው። ቀጠሮ የያዙ ሙሽሮች እየጠበቋት ነበር። እሷ በሌለችበት ሠናይት ምን እንደምትጽፍ ቢቸግራት ገጹ ላይ «ሶሬቲ ለትንሽ ጊዜ ዕረፍት ላይ ናት» ብላ ለጥፋለች። ሰዉም የመሰለውን ተረዳ። ከጽሑፉ ሥር የእንኳን ደስ ያለሽ መዓት ተደርድሯል። ሶሬቲ አየችውና ስልኩን ዘጋች።

የመጀመሪያው ሥራ የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ሙሽራዋ ቤት ነበር። ግቢው ድንኳን ተጥሎበታል። ክፍሉ በአክስትና በጓደኛ ተጨናንቋል። ሶሬቲ የሙሽራዋን አንድ ዓይን ጨርሳ ወደ ሌላው ስትሻገር የሙሽራዋ አያት ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆነው በደስታ ጮኹ።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ! ያቺ ሆዷን ያሳየችው! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ምን ወለድሽልን?»

ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ሙሽራዋም አንድ ዓይኗ ተኩሎ፣ አንዱ ባዶውን እንደሆነ ፈገግ ብላ ቀና አለች። ሠናይት የፀጉር መተኮሻውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ሴት» አለች ሶሬቲ።

«እሰይ! ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ማን አላችኋት?»

ሶሬቲ ብሩሹን ቀለሙ ላይ አንዴ አዟዟረችው። «ምሥጋና።»

አያትየዋ እልል አሉ። አክስቶቹ ተቀበሉ፤ ውጭ ድንኳኑ ሥር ያሉት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አቀለጡት። ለምሥጋና እስከዚያ ቀን ማንም እልል ብሎላት አያውቅም ነበር። ሶሬቲ ሁለተኛውን ዓይን ኳለች።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ሠናይት ድምፅዋን ቀንሳ «ምን ማድረግሽ ነው?» አለቻት።

«ሥራ ነው። በሰው ሰርግ ጠዋት ሞት ላውራ?»

«ዝም ማለት ትችይ ነበር።»

«እኔ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?» አለች ሶሬቲ። ከዚያ በኋላ እስከ መገናኛ ድረስ አንድም ቃል አልወጣትም።

በዚያ ይቆማል ብላ ነበር። አልቆመም። ወሬው ከሙሽራ ወደ ሙሽራ ሄደ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሁሉ «ምሥጋና እንዴት ናት?» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሶሬቲ «ደህና ናት» ብላ ታልፍ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ማውራት ጀመረች። ፀጉሯ ለስላሳ ነው አለች። አፍንጫዋ የአባቷ ነው አለች። አባቷ ሸሚዙን እየተኮሰ ሲያንጎራጉር ካልሰማች አትተኛም አለች። ሙሽሮቹ ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች። ካልሲ፣ ባርኔጣ፣ ትንንሽ ብርድ ልብስ አመጡላት። ሁሉንም ሱቁ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ሠናይት ቁምሳጥኑን ስትከፍት ፊቷን ታዞራለች።

ቤት ስትገባ ግን ድምፅዋ ይጠፋል። አምባዬ እራት ያቀርባል፤ ይበላሉ፤ ስለ መብራትና ስለ ውሃ ያወራሉ። ለሕፃኗ ያዘጋጁት ክፍል በሩ እንደተዘጋ ነው። አምባዬ ሲመኘው የኖረው በር በመጨረሻ ተሠራ፤ ልጅቷ ግን ከሱቁ ወገን ቀረች። ሶሬቲም ጠዋት ጠዋት ወደ መገናኛ የሚሄደው ታክሲ ላይ ስትሳፈር ደረቷ ቀለል ይላት ጀመር። ይህን ራሷም ታውቀው ነበር። መተው ግን አልቻለችም።

በዚያ ሰሞን ነው ኢልሃም የመጣችው። ካራ ተወልዳ ያደገች፣ ቤተሰቦቿ ከስልጤ የመጡ፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት። ለኒካዋ፣ ለጋብቻዋ ቀን፣ የማስዋብ ሙከራ ልትሠራ መጥታ ከዚያ በኋላም በምሳ ሰዓት ጎራ ማለት አበዛች። ማግባቱን ፈልጋ መውለዱን ትፈራለች። ይህን ለእናቷ መናገር አፍራ ለሶሬቲ ነገረቻት።

«አያስፈራም?» አለቻት አንድ ቀን። «እውነቱን ንገሪኝ።»

«ያስፈራል» አለች ሶሬቲ። «ግን እጅሽ ላይ ሲያስቀምጧት ሁሉም ይረሳል።»

ኢልሃም ዓይኗ እንባ ሞላ። «ኒካዬ ሳይደርስ መጥቼ አያታለሁ።»

«ቤታችን ሩቅ ነው፤ አትልፊ።»

ኢልሃም የእነ ሶሬቲ ቤት ከእነሱ ቤት ብዙ እንደማይርቅ ከቪዲዮው ታውቅ ነበር። ፈገግ ብላ ሄደች።

ኒካው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አምባዬ ብቻውን ልብስ እያጠበ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ከፈተ። ኢልሃም ናት፤ ከኋላዋ እናቷ ወይዘሮ ሁሪያ ፔርሙዝ ይዘው ቆመዋል።

«አምባዬ ነህ አይደል? በቪዲዮ እናውቅሃለን» አለች ኢልሃም። «እናቴ ናት። ምሥጋናን ልናይ ነው የመጣነው።»

አምባዬ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ወይዘሮ ሁሪያ ፔርሙዙን ከፍ አድርገው አሳዩት። «አጥሚት ነው፣ ልጄ። ለምታጠባ ሴት ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሥራ ጀመረች ሲሉኝ ወተቷ ይደርቅባታል ብዬ ሰጋሁ።»

ሰው በር ላይ ቆሞ አይጠየቅም። አምባዬ አስገባቸው። ሶፋው ላይ አስቀመጣቸው። ኢልሃም ዙሪያውን እየቃኘች «የት ናት?» አለች።

«ተኝታለች» አለ አምባዬ።

ለምን እንዲህ እንዳለ በኋላም ሊያስረዳ አልቻለም። ሚስቱን በእንግዳ ፊት ውሸታም ላለማድረግ ይሁን፣ ቃሉ ራሱ አምልጦት ይሁን፣ ብቻ «ተኝታለች» አለ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ድምፃቸውን ቀነሱ። ወይዘሮ ሁሪያ በሹክሹክታ ስለ ሕፃን ሆድ ቁርጠት ነገሩት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ሻይ ሊያፈላ ተነሥቶ ስኒውን ሲያነሣ ከሌላው ጋር ስለተጋጨበት ኢልሃም «ቀስ፣ ትነቃብሃለች» ብላ ሳቀችበት።

ሶሬቲ ከሥራ ስትገባ ያገኘቻቸው እንዲህ ሆነው ነው። የመሣሪያ ቦርሳዋ ከእጇ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ወይዘሮ ሁሪያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«እሽሽ! ልጅቷ ተኝታለች።»

ሶሬቲ ባሏን አየችው። እሱም አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጋ አጣች። እዚያ የነበረውን ከዚያ በፊት አይታበት አታውቅም። እንዲያው አንድ ቦታ ሲመታ የቆየ ሰው በሌላ ጎኑ ሲመቱት የሚያሳየው ዓይነት ድካም ነበር። ተቀመጠች። የቀረበላትን አጥሚት ተቀብላ ጠጣች። ወይዘሮ ሁሪያ እስክትጨርስ በእናት ዓይን ይጠብቋት ነበር።

ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ ሁሪያ ወደ ተዘጋው ክፍል አቀኑ። «ሳልመርቃት አልሄድም። አልቀሰቅሳትም፤ በሩን ገርበብ አድርገሽ ብቻ አሳይኝ።»

ሶሬቲ ቀድማቸው በሩ ላይ ቆመች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች።

«እትዬ ሁሪያ፣ ማንም የለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ውስጥ ማንም የለም። ሞታ ነው የተወለደችው።»

ወይዘሮ ሁሪያ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ሶሬቲን በሁለት እጃቸው ይዘው ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ሶሬቲ ሆስፒታል ስትነቃ ያላለቀሰችውን፣ አማቷ ሲናገሯት ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰች። አምባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ኢልሃም ግን ሶፋው አጠገብ እንደቆመች ነበር።

«ፀጉሯ ለስላሳ ነው ብለሽኛል» አለች። «እየሳቅሽ። ሲያስቀምጧት ሁሉም ይረሳል ብለሽኛል። እኔ እኮ የሆዴን ሁሉ ነግሬሻለሁ።»

«ኢልሃም፣ ይበቃል» አሉ እናቷ።

«አይ፣ እማ። የትኛዋን ሶሬቲን ነው የማውቀው?» ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ወይዘሮ ሁሪያ ሶሬቲን እንደገና አቅፈው፣ አምባዬን ትከሻውን ነክተው ልጃቸውን ተከተሉ። ፔርሙዙን ረሱት።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። አምባዬ «ሌላ ስም ብትሰጫት ምን ነበረበት?» አለ።

«ስሟ ነዋ» አለች ሶሬቲ። «ሌላ ስም የላትም።»

«እኔ ስሟን የጠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አፈር ላለብሳት ስል።» ዓይኑን ጠረገ። «ከዚያ ወዲያ እንደገና እንዳልጠራው ፈርቼ ነው የኖርኩት። አንቺ ግን በየቀኑ ስትጠሪው ከርመሻል።»

ሶሬቲ ቀረብ ብላ እግሩ ሥር ተቀመጠች። «ላንተ ነበር ያስቀረሁልህ። እሱንም ወሰድኩብህ።» ከዚያ፣ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ያልጠየቀችውን ጠየቀችው። «የት ናት?»

በማግሥቱ አምባዬ ከሥራ ቀረ። ከመገናኛ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ በሌላ ታክሲ ወደ እንጦጦ ወጡ። ጉም ገና አልገፈፈም ነበር። እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልመው ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ በባሕር ዛፉ መሐል በምትወርድ ቀጭን መንገድ ሄዱ። የአምባዬ አጎት ዘመንፈስቅዱስ ቤት እዚያ ነው። ሽማግሌው ወጥተው ተቀበሏቸው። ሶሬቲን ግንባሯን ስመው፣ ወደ ጓሮ የሚያሳልፈውን የአጥር በር ከፈቱላቸውና እሳቸው ወደ ቤት ገቡ።

«ክርስትና ስላልተነሣች የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አልሆነም» አለ አምባዬ። «አጎቴ እዚህ ትሁን አለኝ። ቅዳሴው ይሰማል።»

ከአጥሩ ጥግ ትንሽ የድንጋይ ክምር ነበረች። አንድ ሰው ዙሪያዋን አርሟታል። ሶሬቲ ተንበረከከች። ታለቅሳለች ብሎ አምባዬ ሊይዛት ጎንበስ አለ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

«አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ፀጉር ነበራት?»

«ነበራት። ብዙ። ጥቁር፣ ከርዳዳ።»

«አፍንጫዋስ?»

«ያንቺ ነው። ቁርጥ ያንቺ።»

ሶሬቲ ለሰው ሁሉ የአባቷ ነው ስትል ከርማ ነበር። መዳፏን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ስለ ጣቶቿ ጠየቀችው፤ ስለ ጆሮዋ፣ ምን አልብሰው እንደቀበሯት ጠየቀችው። አምባዬ አንድ በአንድ መለሰላት። እሱም ይህን ለማንም አውርቶ አያውቅም ነበር። ሲጨርስ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠና «አያትየዋ እልል አሉላት ብላ ሠናይት ነገረችኝ። ትናንት ደውዬላት ነበር» አለ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ድንኳኑ በሙሉ።»

«እሱ እንኳ ሆነላት» አለ አምባዬ፤ ከዚያ እሱ አለቀሰ፣ እሷ ያዘችው።

በዚያው ሳምንት ሶሬቲ ሠናይትን ስልኩን እንድትይዝላት ጠየቀቻት። ጌጥ አላደረገችም፤ መብራትም አላበራችም። «ልጄ ምሥጋና ሞታ ነው የተወለደችው» አለች። «ደህና ናት ብዬ ለነገርኳችሁ ሁሉ ዋሽቻችኋለሁ። በደስታችሁ ቀን ሐዘን ላለማምጣት ነው ብዬ ጀመርኩት። በኋላ ግን ለራሴ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ሠናይት መቅረጹን አቁማ እንባዋን ጠረገች።

ብዙ ሰው አዘነላት። የዱሮ ሙሽሮቿ አንዳንዶቹ ካራ ድረስ መጥተው ለቅሶ ደረሱ፤ እንደ ወጉ ተቀምጠው፣ ንፍሮ ቀምሰው ሄዱ። የሰደቧትም ብዙ ናቸው። አንዷ «ለገበያ ብላ በሞተ ልጅ ነገደች» ብላ ጻፈች። ሶሬቲ እሱን ቃል ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ደጋግማ አነበበችው፤ ሐሰት ነው ለማለትም ሙሉ በሙሉ አልደፈረችም። ስጦታዎቹን ሠናይት ለየባለቤታቸው መለሰች፤ አንዳንዶቹ አልቀበልም አሉ። ቀጠሮ የያዙ ቤተሰቦች እየደወሉ በትሕትና ተሰናበቱ። «ሰርግ ነው፣ እህቴ፣ ተረጂን» ይላሉ። ትረዳቸዋለች። ጥቁር ለብሳ ሙሽራ ፊት መቆም እንደማይሆን ከእነሱ ቀድማ ታውቃለች። ጥቁሩን ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለመልበስ ወሰነች።

የኢልሃምን ኒካ ሌላ ሴት ሠራችው። ወይዘሮ ሁሪያ ከምግቡ በሳህን ሸፍነው ላኩላት፤ ፔርሙዛቸውንም በዚያው አስወሰዱ። ኢልሃም አልመጣችም።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ስለ ዓይን ያሉትን ዳግመኛ አላነሡትም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። አንድ ቀን ግን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በእግራቸው እንጦጦ ወጥተው የልጅ ልጃቸውን ቦታ እንዳዩ ዘመንፈስቅዱስ ለአምባዬ ነገሩት።

ሶሬቲና ሠናይት የመገናኛውን ክፍል ለቀው እዚያው ሕንፃ ላይ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ተጋርተው ገቡ። ሶሬቲ ገጿን አልዘጋችም፤ የራሷን ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አልለጠፈችበትም። ሙሽሮቹ የሚመጡት በቁጥር ነው። ስትሠራ ታዳምጣለች። ሲጠይቋት እውነቱን በአጭሩ ትናገራለች፤ ካልጠየቋት አትናገርም። አንዳንዷ ሙሽራ «ተጫዋች ናት ብለውኝ ነበር» ብላ ቅር ሲላት ታያለች። እሷም ብትሆን ቅር ይላታል፤ ያችን ሴት ትናፍቃታለች። እንደ ዱሮ ለመጫወት አንድ ሁለቴ ሞክራ፣ ከአፏ የሚወጣው ሁሉ የተበደረችው መስሎ ስለተሰማት ተወችው። እጇ ግን ተሻሽሏል። ሠናይት ይህን ስትነግራት «ሌላ ምን ቀረኝ» አለች።

ጥር አልፎ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሥራ በሌለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። ኢልሃም ነበረች።

«ሶሪ» አለች።

«አለሁ።»

«አርግዣለሁ። ለባሌ እንኳ ገና አልነገርኩትም። ለምን ላንቺ ቀድሜ እንደደወልኩ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ? ልናገር ወይስ ልደብቅ?»

ሶሬቲ የልብስ ስፌት ማሽኑ እስኪያቆም ጠበቀች። ልትል የምትችላቸው ብዙ ነገሮች መጡላት። ሁሉም የዱሮዋ ሶሬቲ የምትላቸው፣ የሚያስቁ፣ የሚያባብሉ ነገሮች ነበሩ።

«እኔም አላውቅም፣ ኢሉዬ» አለች። «ለባልሽ ንገሪው። ለእናትሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

«ያስፈራል?»

«ያስፈራል።»

ኢልሃም ማልቀስ ጀመረች። ሶሬቲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እስክትጨርስ ጠበቀቻት። «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት በመጨረሻ፤ ከልቧ ነበር፤ ሆኖም ቃሉ ሲወጣ አመማት።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ መሥራት አልቻለችም። ሠናይትን «ዛሬ አንቺ ዝጊው» ብላ ወረደች። መገናኛ እንደ ወትሮው ነው፤ ረዳቶቹ «ኮተቤ ካራ! ኮተቤ ካራ!» ይላሉ፤ ሰው ይጋፋል። መጀመሪያ ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገብታ ከመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መኪናው ሳይንቀሳቀስ እንባዋ መጣ። አጠገቧ የተቀመጡት እናት አዩዋት። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። ሶሬቲ ስልኳን አውጥታ ለአምባዬ ደወለች።

«እየመጣሁ ነው» አለችው። «ቤት ነህ?»

«ቤት ነኝ» አለ። «ምን ሆንሽ?»

«ስመጣ እነግርሃለሁ» አለች ሶሬቲ፤ ታክሲውም ሞልቶ ተነሣ።